ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የመጣች እስስት፦ አልበላ ስትልና ስትጠቁር ምን ይደረግ?

ጠያቂው የጻፉልኝ በአጭሩ ሲቀርብ የሚከተለው ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም በማይርቅ የአጥር ቁጥቋጦ ላይ ልጆች የያዟትን እስስት ተቀብለው ከስምንት ቀን በፊት ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ወደሚገኘው ቤታቸው ወስደዋታል። ቀድሞ ዓሣ ይኖርበት በነበረ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አረንጓዴ ጨርቅ አንጥፈው፣ ውሃ በሳህን አቅርበው፣ ፌንጣ እየለቀቁላት አስቀምጠዋታል። እርሷ ግን እስካሁን አልበላችም፤ ወደ ውሃው ሳህን ስትጠጋም አልታየችም፤ ቀኑን ሙሉ ጠቁራ አንድ ጥግ ላይ ትቆማለች፤ ልጆች ሊያነሷት እጃቸውን ሲያስገቡ ሰውነቷን ነፍታ አፏን ትከፍትባቸዋለች። «እንድትለምደንና እንድትበላ ምን ላድርግ? አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ሆናስ ለምን አረንጓዴ አልሆነችም?» የሚል ነው ጥያቄው።

በቅድሚያ የጥያቄውን አቅጣጫ ትንሽ ላቃና። እስስት ሰው የምትላመድ እንስሳ አይደለችም፤ ብቻዋን የምትኖር፣ ከራሷ ዘር ጋር እንኳ ለመራባት ካልሆነ በቀር መገናኘት የማትፈልግ፣ ከላይ ወደ እርሷ የሚወርድን ነገር ሁሉ እንደ አዳኝ የምትቆጥር ፍጥረት ነች። ስለዚህ ልናላምዳት የምንችለው ከቦታው ጋር እንጂ ከእኛ ጋር አይደለም፤ ውሎ አድሮ ከእጅዎ ፌንጣ ብትቀበል እንኳ እጅዎን ስለታገሠች እንጂ ስለወደደች አይደለም። ከዘረዘሯቸው ምልክቶች መካከል ደግሞ እኔን ያሳሰበኝ አለመብላቷ ሳይሆን አለመጠጣቷ ነው። ጤነኛ የሆነች ጎልማሳ እስስት ቦታ ሲቀየርባት ሳምንት ያህል ምግብ ሳትነካ ብትቆይ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ስምንት ቀን ያለ ውሃ መቆየቷ ግን ዛሬውኑ መታረም ያለበት ጉዳይ ነው።

እስስት በሳህን የተቀመጠን ውሃ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚጠጣ ነገር አታየውም። በተፈጥሮዋ የምትጠጣው በቅጠል ላይ ያረፈ ጤዛንና የዝናብ ጠብታን ነው፤ ዓይኗን የሚስበውም የጠብታው መንቀሳቀስና ማብረቅረቅ ነው። ሳህኑን አንሥተው በምትኩ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሥሩን በጋለ መርፌ ይብሱና ውሃ ሞልተው ከመኖሪያዋ በላይ ያስቀምጡት፤ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ አንድ ጠብታ ቅጠል ላይ ካረፈ በቂ ነው። የጠብታውን ፍጥነት እንደ ልብ ለመቆጣጠር ለሚፈልግ ሰው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አዲስ የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ከሁሉም የተሻለ መሣሪያ ነው። ይህን ጠዋት 2 ሰዓት ገደማና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ለሃያ ወይም ለሠላሳ ደቂቃ ያድርጉት፤ ከዚህም ጋር ፀጉር ቤቶች በሚጠቀሙበት ዓይነት የውሃ መርጫ፣ ፊቷን ሳይነኩ፣ ቅጠሎቹን ሁለት ሦስት ደቂቃ በለብታ ውሃ ያርጥቡላት። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲተን አፉ ክፍት በሆነ ዕቃ ቢያድር ይመረጣል። ሰው ቆሞ ሲያያት የማትጠጣ እስስት ብዙ ስለሆነች ጠብታውን አስጀምረው ከክፍሉ ይውጡ።

መጠጣቷን በዓይንዎ ለማረጋገጥ ካልቻሉ ሰገራዋ ይነግርዎታል። የእስስት ሰገራ ጥቁር ቡናማ ክፍልና እንደ ሽንት የሚቆጠር ጠጣር ነጭ ክፍል አለው፤ ነጩ ክፍል ነጭ ከሆነ ውሃ እያገኘች ነው፤ ወደ ብርቱካናማ ካደላ ደግሞ ሰውነቷ ደርቋል ማለት ነው። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ የጎደጎዱ ከሆነ ድርቀቱ ገፍቷልና የመርጨቱን ጊዜ በቀን ወደ ሦስትና አራት ያሳድጉት።

የመስታወቱን ሣጥን በተመለከተ አላመነታም፤ ዛሬ ነገ ሳይሉ ያስወጧት። በመስታወት ግድግዳ መካከል አየር ስለማይዘዋወር እርጥበቱ ታምቆ ለሳንባ ሕመም ያጋልጣታል፤ በዚያ ላይ ግድግዳው ላይ የራሷን ምስል እያየች ሌላ እስስት ከፊቷ የቆመች ስለሚመስላት ከጠላት ጋር ተፋጣ ትውላለች። ያለማቋረጥ መጥቆሯና ጥግ መያዟ ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል። ሣጥኑ ፀሐይ ላይ ቢወጣ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ የሚገድል ሙቀት ያጠራቅማል።

ለእስስት ተብሎ የተዘጋጀ ቤት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞር አያስፈልግዎትም፤ ማንኛውም አናጢ በአንድ ቀን ይሠራዋል። ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ የእንጨት ፍሬም ሆኖ ዙሪያውንና ጣሪያውን ለመስኮት በምንጠቀምበት የትንኝ መከላከያ ወንፊት ሽቦ ይወጠር። መካከለኛ መጠን ላላት እስስት ስፋቱ ቢያንስ 45 በ45 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ቦታ ካለዎት 60 በ60 በ120 ቢያደርጉት ለዘለቄታው ይጠቅማል። የሽቦው ጫፍና የምስማሩ ሹል ወደ ውስጥ እንዳይወጣ በጠባብ ጣውላ ይሸፈን፤ ጥፍሯ ከተነቀለ ቁስሉ በቀላሉ ይመረቅዛል። እግሯ ጣቶቹ ሦስትና ሁለት ሆነው በሁለት ወገን የተቧደኑ መቆንጠጫ ስለሆነ በጠፍጣፋ ወለልና በጨርቅ ላይ መቆም አይመቻትም። የዘይቱን ወይም የወይራ ቅርንጫፍ፣ ውፍረቱ እግሯ ሊጨብጠው የሚችለውን ያህል ሆኖ፣ በጎንና በሰያፍ እየተሻገረ ከታች እስከ ላይ መሄጃ ይሁናት። ከውስጥ አንድ ቅጠሉ የበዛ ተክል ከነማሰሮው ይግባ፤ ሂቢስከስ ወይም ቢሮዎች ውስጥ የሚቀመጠው ፋይከስ ይስማማታል። ቅንጭብ፣ ቁልቋል፣ ጉሎና አጤ ፋሪስ ግን አይግቡ። በአጥር ቅንጭብ ላይ ስትራመድ ብትታይም በሰፊ ቦታ ላይ የፈለገችውን ቅርንጫፍ መርጣ ነው፤ በጠባብ ሣጥን ውስጥ የተሰበረ ቅንጭብ ወተቱ ዓይኗ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ቤቱን የት ማስቀመጥ እንዳለብዎ ብዙ ሰው አያስብበትም፤ ለእኔ ግን ከስፋቱ ያልተናነሰ ነገር ነው። እስስት ደኅንነት የሚሰማት ከፍ ብላ ወደታች ስታይ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ ቤት ውስጥ ሆና ሰው ሁሉ በላይዋ የሚያልፍባት ከሆነ ምግብ ቢትረፈረፍ አትረጋጋም። ስለዚህ የላይኛው ቅርንጫፍ ከቆመ ሰው ዓይን ከፍ እንዲል ቤቱን በጠረጴዛ ወይም በቁም ሣጥን ላይ ያድርጉት፤ በር ከሚከፈትበትና ቴሌቪዥን ካለበት ግድግዳ ይራቅ። ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥም አይሁን፤ ወሎ ቤት ከአቦል እስከ በረካ ዕጣኑ አይቋረጥም፣ የእስስት ሳንባ ደግሞ ጭስ አይችልም። ለትንኝና ለበረሮ የሚረጨው ፍሊትማ ጨርሶ በዚያ ክፍል አይረጭ። ጉንዳን የሚያስቸግርዎ ከሆነ የጠረጴዛውን እግሮች ውሃ ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ማቆም ይበቃል፤ ጉንዳን የተኛችን እስስት ያቆስላል።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም በእርስዎ ጉዳይ ላይ ዋናው ነገር እዚህ ያለ ይመስለኛል። ሁለቱ ከተሞች በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነች። አየር ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ እስስትዎ ሐረጎን አቀበት ስትወጣ አራት ዲግሪ ያህል ቀዝቃዛ ወደሆነ አገር ገብታለች። አራት ዲግሪ ለእኛ አንድ ጋቢ መደረብ ነው፤ የራሷን ሙቀት ለማታመነጭ እስስት ግን የምግብ መፈጨት ጉዳይ ነው። ሰውነቷ ካልሞቀ አንጀቷ አይሠራም፤ አንጀቷ ካልሠራ ደግሞ የዋጠችው ነፍሳት ሆዷ ውስጥ ሊበሰብስ ስለሚችል አለመብላቷ ራሱ መከላከያ ነው። መጥቆሯም በከፊል ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ የበረዳት እስስት ብርሃንን ለመሳብ ቆዳዋን ታጠቁራለች።

ይህን ሲሰሙ ግን ወደ ሌላኛው ጫፍ እንዳይሄዱ እፈራለሁ። በኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር አብዛኛው የተጻፈው በዓለም ዙሪያ በብዛት ለሚረቡት ለየመኗ ባለ ቁንጮ እስስትና ለማዳጋስካሯ ፓንተር እስስት ነው፤ የእነርሱን የሙቀት ልክ ወስዶ በከፍታ ቦታ ለተወለደች እስስት መስጠት እርሷን መጥበስ ይሆናል። ለእርስዎ እስስት የክፍሉ ሙቀት ቀን ቀን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ ከላይኛው ቅርንጫፍ አንዱ ቦታ ብቻ ደግሞ ለጥቂት ሰዓት 27 ወይም 28 ዲግሪ ቢደርስ ጥሩ ነው፤ ሲሞቃት ወደ ታች፣ ሲበርዳት ወደ ላይ እያለች ራሷ ትመርጣለች። ለዚህ ክር ያለው የድሮው ባለ 40 ዋት አምፖል ከጣሪያው ሽቦ ውጪ፣ ከቅርንጫፉ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ሊሰቀል ይችላል፤ ኤልኢዲ አምፖል ብርሃን እንጂ ሙቀት ስለማይሰጥ ለዚህ አይሆንም። ቅርንጫፉ ላይ ተራ ቴርሞሜትር ሰቅለው ይለኩ እንጂ በግምት አይሥሩ። አፏን ከፍታ፣ ቀለሟ ገርጥቶ ከአምፖሉ ከራቀች ሙቀቱ በዝቷል።

ሌሊት አምፖሉ ይጥፋ፤ ቀይ መብራትም ቢሆን አይብራ። የሌሊት ቅዝቃዜ በኮምቦልቻም የምታውቀው ነገር ነው፤ እንዲያውም ለዕረፍቷ ያስፈልጋታል። የደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ በእነዚህ ወራት ቤቱ ከመስኮት ርቆ በመካከለኛ ክፍል ይሁንና ሦስቱን ጎን በብርድ ልብስ ይሸፍኑት። ክፍሉን ለማሞቅ ብሎ ከሰል ማያያዝ ለእርሷም ለቤተሰቡም አደገኛ ነው።

መብራት በሚጠፋበት ቀን አይጨነቁ፤ ፀሐይ ከአምፖል ትበልጣለች፣ መብራት ባለበት ቀንም ቢሆን የማይተካ ነገር አላት። እስስት ካልሲየምን አጥንቷ ውስጥ ለማስገባት ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋታል፤ ይህን ቫይታሚን ደግሞ ቆዳዋ የሚሠራው ከፀሐይ በሚመጣው አልትራቫዮሌት ቢ በሚባለው ጨረር ነው። የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር ስለሚያስቀረው ፀሐይ በመስኮት በኩል ብታገኛት ትሞቃለች እንጂ ለአጥንቷ አይጠቅማትም። ጨረሩን ጨርሶ የማታገኝ እስስት በወራት ውስጥ አጥንቷ ይለሰልሳል፤ እግሯ ይጎብጣል፣ መንጋጋዋ ያብጣል፣ ምላሷንም መወርወር ያቅታታል። በውጭ አገር ለዚህ ውድ መብራት ይገዛል፤ ደሴ ላይ ግን ጨረሩ በከፍታው ምክንያት ብርቱ ስለሆነ ቤቷን ከነሽቦው ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ግቢ ማውጣት ይበቃል። ሁልጊዜ የቤቱ ግማሽ ጥላ ይሁን። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው አጠገቡ ይኑር፤ ድመትና ጭልፊት ሽቦው ቢያግዳቸውም እርሷን ለማስደንገጥ መታየታቸው ይበቃል።

ስለ አረንጓዴው ጨርቅ ለጠየቁት፣ እስስት ከተቀመጠችበት ነገር ጋር ለመመሳሰል ቀለሟን ትቀይራለች የሚለው እምነት በብዙ አገር ቢነገርም ትክክል አይደለም። ቀለሟን የሚለውጠው ስሜቷ፣ የሰውነቷ ሙቀትና ከሌላ እስስት ጋር ያላት ግንኙነት ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. በፓንተር እስስት ላይ ባወጡት ጥናት ከቆዳዋ ሥር ባሉ ሕዋሳት ውስጥ የተደረደሩ በጣም ጥቃቅን የጉዋኒን ክሪስታሎች እንዳሉ፣ እንስሳዋ ስትረጋጋ ክሪስታሎቹ ተቀራርበው ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃንን፣ ስትቆጣ ደግሞ ተራርቀው ቢጫና ቀይ ብርሃንን እንደሚመልሱ አሳይተዋል። ጨርቁ የቀለም ለውጥ አያመጣም፤ ጥፍሯን ስለሚይዝባት ግን ያውጡት። ከጠብታውና ከፀሐዩ በኋላ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ጥቁረቷ ለቀቅ ካለ፣ ማታ ስትተኛ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ቀለም ከያዘች አያያዝዎ መስመር ገብቷል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ማንም አይንካት። ይህ ለልጆች ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም አፏን የምትከፍተው ልትነክስ ሳይሆን እንዳትነኩኝ ለማለት ነው፣ መርዝም የላትም። ማንሣት ግድ ሲሆን ከላይ አይያዟት፣ ጅራቷንም አይጎትቱ፤ ከፊት እግሯ አጠገብ ዱላ አቅርበው ራሷ እንድትወጣበት ይጠብቁ። እንደሌሎች ተሳቢ እንስሳት ሁሉ ሳልሞኔላ የተባለውን ጀርም ያለ ምንም ሕመም ልትሸከም ስለምትችል እርሷን ወይም ቤቷን የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ዕቃዋም ምግብ በሚዘጋጅበት ቦታ አይታጠብ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባይነካት ይሻላል።

ምግቡ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። ፌንጣ ጥሩ ምርጫ ነው፤ በረሮ፣ ዝንብና የእሳት እራትም ትበላለች። መጠኑ ከጭንቅላቷ ስፋት አይብለጥ። ለጎልማሳ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ሦስት ወይም አራት፣ ለትንሽ ግን በየቀኑ ይስጡ። ያልበላችውን ማታ ያውጡት፤ የተራበ ፌንጣ ተኝታ ሳለች ቆዳዋን ይነክሳል። ፀጉራም አባጨጓሬ፣ ንብና ተርብ አይሁኑ፤ ሥጋ፣ ወተትና እንጀራም ምግቧ አይደሉም። ከጫት ማሳና በቦርከና ዳር ካሉ የአትክልት እርሻዎች የተያዘ ፌንጣ ፀረ ተባይ ሊኖርበት ስለሚችል አይስጧት። በ2013 ጥቅምት ወሎን እንደወረረው ያለ የአንበጣ መንጋ ሲመጣ ከመንጋው ላይ መልቀምም እንዲሁ ነው፤ መንጋው ባለፈበት ኬሚካል ተረጭቶ ሊሆን ይችላል። የያዙትን ፌንጣ አንድ ቀን ጎመንና ካሮት አብልተው፣ ታጥቦ በደረቀና እንደ ዱቄት በላመ የእንቁላል ቅርፊት ለውሰው ቢሰጧት ካልሲየሟን ታገኛለች። አፏን ከፍቶ በግድ ማጉረስ ግን መንጋጋዋን ሊሰብር ስለሚችል በምንም ምክንያት አያድርጉት።

አንድ ነገር ሳይታሰብ እንዳያልፍ እፈልጋለሁ። ጎልማሳ ሴት ከሆነች ከዱር ስትያዝ እንቁላል ይዛ ሊሆን ይችላል፤ የብዙ ዝርያ ሴቶች የወንዱን ዘር በሆዳቸው ለወራት ማቆየትም ይችላሉ። ሆዷ በጎንና ጎን አበጥ ብሎ፣ ምግብ እምቢ ብላ፣ ከቅርንጫፍ ወርዳ ወለሉን የምትቧጥጥ ከሆነ የምትፈልገው መቆፈሪያ ነው። 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ባልዲ ውስጥ እርጥብ አሸዋና አፈር ቀላቅለው፣ ስትቆፍረው እንዳይናድ ጠቅጠቅ አድርገው ያስገቡላትና ቤቱን በጨርቅ ጋርደው ይተዋት። ቦታ አጥታ እንቁላሉን ሆዷ ውስጥ የምታስቀር እስስት ልትሞት ትችላለች።

ቀን ዓይኗን ጨፍና የምትውል፣ ከአፏ አረፋ ወይም ዝልግልግ ምራቅ የሚወጣ፣ ከቅርንጫፍ የምትወድቅ ወይም እግሯ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለመልመድ ጊዜ እየሰጧት መጠበቅ አይገባም፤ ታማለች። ከዱር የተያዘች እስስት የአንጀት ትል ይዛ መገኘቷ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ባትታመምም ትኩስ ሰገራዋን በንጹሕ ብልቃጥ አድርገው በማይክሮስኮፕ ያስመርምሩ። የትል እንቁላል መለየት የሚችል የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ለማግኘት ሩቅ አይሄዱም፤ ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ አላት፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው። ለበግና ለፍየል የሚሸጠውን መድኃኒት በግምት አይስጧት። አንድ በመቶው የኢቨርሜክቲን መርፌ ለ50 ኪሎ በግ የሚሰጠው 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ በዚያው ስሌት 50 ግራም ለምትመዝን እስስት የሚደርሳት የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሺህኛ ይሆናል፣ ይህንንም ተራ መርፌ አይለካም።

በመጨረሻ ሕጉን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። እስስት የዱር እንስሳ ስለሆነች የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ይመለከታታል፤ የዱር እንስሳን ይዞ ለመቆየት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከአገር ለማስወጣት ደግሞ ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይጨመርበታል። እርስዎ ልጆች የያዟትን እንስሳ ከመሞት ያዳኑ ይመስለኛል እንጂ ነጋዴ አይደሉም፤ ቢሆንም ለማቆየት ካሰቡ በክልሉ የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ቀርበው ያነጋግሩ።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ፣ ውሃ ጠጥታ ቀለሟ ከተመለሰና ዓይኗ ከጠራ በኋላ ወደ ነበረችበት መመለሱን እመርጣለሁ። ይህም ጦሳ ሥር ወይም ሆጤ ባለ ዛፍ ላይ መልቀቅ ማለት አይደለም፤ የደሴ ሌሊት የእርሷ ሌሊት አይደለም። ክዳኑ በተበሳ ካርቶን ውስጥ የምትጨብጠው ቅርንጫፍ አስገብተው፣ ፀሐይ በማያገኘው ወንበር ሥር አድርገው ጠዋት ይዘዋት ይውረዱና ከተያዘችበት ያንኑ አጥር ፈልገው፣ ከ4 ሰዓት በፊት፣ ዱላውን ወደ ቁጥቋጦው አስጠግተው ራሷ እንድትሻገር ይጠብቁ። መንገዱ ላይ ልጆቹን ካገኟቸው ሁለተኛ እንዳይዟት ይንገሯቸው።